እማየ፣ እባብ አልበላሁም

ጓንግዡ፣ ደቡብ ቻይና
ጥቅምት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ጤናሽ እንደምን ነው? ወገብሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ምንም አልሆንሁም። ደብዳቤውን የምታነብልሽ ታናሽ እኅቴ እንደሆነች፣ የሚነበበውም ቡና ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ለመሪጌታና ለእትየ፣ ረከቦቱን ከበው ለተቀመጡት ሁሉ ሰላምታየን አድርሺልኝ። እኅቴ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ በቅንፍ ያስቀመጥሁትን እያየሽ ዝለይው።

እማየ፣ ባለፈው በስልክ ሦስት ክስ አቅርበሽብኛል። አንደኛ፣ በላክሁት ፎቶ ላይ አጥንቴ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ “ልጇ እባብ ይበላል” እያለ ያማሻል። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ላክ ሲባል “እጄ አጥሯል” ያልሁት ሰውየ ከከተማ ከተማ ስዞር ታይቻለሁ። ለሦስቱም መልስ አለኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ታገሽኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር። እንደምታውቂው እኔ እዚህ የአገራችን ነጋዴዎች ጫማና ልብስ ሲገዙ አስተረጉማለሁ፤ ጭነታቸውንም በኮንቴይነር አስጭናለሁ። መስከረም 21፣ እናንተ ግሸን ማርያምን ስታነግሡ፣ ቻይኖች የመንግሥታቸውን ምሥረታ ያከብራሉ፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ማኦ ያወጁባት ቀን ናት። ፋብሪካው ለሳምንት ይዘጋል፤ ነጋዴዎቻችን ሆቴል ተቀምጠው ጣሪያ መቁጠር ሆነ ሥራቸው። ይህን ያየ አንድ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት “ደንበኞቼ ከሚተክዙ አገር ላሳያቸው” አለ። ውሉም ባቡሩና አልጋው በእኛ፣ ምግቡ በእሱ ሆነ። ስለዚህ ሦስተኛው ክስ ውድቅ ነው። (ባቡሩ ግን ርካሽ አልነበረም።)

ቡድናችንን ብታይው ቅዳሜ ገበያ የወጣሽ ይመስልሽ ነበር። የአዲስ ዓለሙ ሐጂ አሉ፣ ጫማ ነጋዴ ናቸው። ልብስ የምትነግድ የአዘዞ ሴት አለች፤ ሻንጣዋ ግማሹ ድርቆሽ፣ ግማሹ ሚጥሚጣ ነው። እዚህ ግብርና የሚማር የደባርቅ ልጅ አለ። ፎቶ ሳያነሡ ውኃ የማይጠጡ ሁለት አዲስ አበቤዎችም ተከትለውናል። አስጎብኚያችን ባንዲራ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ በደረስንበት ሁሉ “ሙቅ ውኃ ጠጡ” ትለናለች። በዚህ ሙቀት ሙቅ ውኃ! ቻይኖች ቀዝቃዛ ውኃ ሆድ ይጎዳል ይላሉ። ከዚህ በኋላ ብርድ ይመታሃል እያልሽ ስትቆጪኝ ቢሊዮን ሕዝብ ደጋፊ አለሽ።

መጀመሪያ የወሰዱን ጓንግዡ ማማ ነው። ቁመቱ 600 ሜትር፣ ተመርቆ የተከፈተውም በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ሊፍቱ ሽቅብ ሲተኮስ ጆሮ ይደፍናል። አዲስ አበቤዎቹ “ዋው!” ሲሉ የደባርቁ ልጅ ዝም ብሎ ስልኩን ይነካካል። ምን ሆንህ ብለው ሒሳብ አሳየኝ። ጓንግዡ ባሕር አፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጎንደር ፒያሳ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እንግዲህ ማማው ጫፍ ላይ ብሰቀልም ካንቺ ደጃፍ 1,500 ሜትር ወደ ታች ነኝ። መሪጌታ፣ “ልጁ ከፍ ከፍ አለ” ሲባል ከሰሙ ይህችን ሒሳብ ያስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ምግቡ ልግባ፤ የምትጠብቂው እሱን ነው። ጓንግዡ ውስጥ ጠዋት ሻይ ቤት የሚኬደው ለሻይ ብቻ አይደለም። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ክብ ጠረጴዛ ከበው ረፋዱን ሁሉ ይበላሉ። ምግቡ በእንፋሎት በስሎ፣ በትናንሽ የቀርከሃ ሙዳይ እየተደራረበ ይመጣል። አንዱን ሙዳይ ስትከፍቺ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ ታገኛለሽ። ሌላው ውስጥ ነጭ፣ ለስላሳ ዳቦ አለ፤ ሆዱ ውስጥ ግን የአሳማ ሥጋ ደብቋል። በዚህ ምክንያት የእኔ አስተርጓሚነት አንዲት ጥያቄ ብቻ ሆና ቀረች፤ “አሳማ አለበት?” አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ ሳልጠይቃት ከሩቅ ራሷን ትነቀንቅልኝ ጀመር።

የሻዩ ሥርዓት ደግሞ ለብቻው ነው። ሻይ የቀዳልሽን ሰው በአፍ አታመሰግኝውም፤ ሁለት ጣትሽን አጥፈሽ ጠረጴዛውን ትመቻለሽ። ነገሩ ከንጉሥ ቺየንሎንግ የመጣ ነው ይባላል። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ባሠሩበት ዘመን የነገሠ ሰው ነው። ንጉሡ ራሱን ለውጦ አገር ሲዞር ለሎሌዎቹ በገዛ እጁ ሻይ ቀዳላቸው አሉ። ቢንበረከኩ ይነቃባቸዋል፤ ስለዚህ በጉልበታቸው ፈንታ ጣታቸውን አንበረከኩ። ሐጂ ይህን ከሰሙ ወዲያ ጠረጴዛ ሲመቱ ነው የሚውሉት።

ግን እማየ፣ ተቀምጠሽ ስሚኝ፤ የመጀመሪያውን ሻይ አይጠጡትም። ሲኒውንና ሳህኑን ያለቀልቁበትና ይደፉታል። አቦሉን! የአዘዞዋ ነጋዴ ይህን ስታይ እጇን በአፏ ጭና “ምን በደላቸው?” አለች። በኋላ ግን ተጽናናች፤ የጀበናውን ክዳን ገልጠሽ ካስቀመጥሽው አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ፍል ውኃ ይጨምርበታል። ከበረካም በኋላ እኛ ስም ያላወጣንላቸው ስንት ዙሮች አሉ መሰለሽ።

ዶሮም አለ። ደቡቦቹ ዶሮ የሌለበት ግብዣ ግብዣ አይባልም ይላሉ፤ እስከዚህ ድረስ ካንቺ ጋር አንድ ናችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠብ ነው። ሙሉዋን ዶሮ እሳቱን ቀነስ አድርገው በውኃ ይቀቅሉና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፤ ከዚያ በሰፊ ቢላዋ ከነአጥንቷ ይቆራርጧታል። በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቁሌት የለ፤ ያለው ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል በዘይት ነው። ጭንቅላቷም ሳህኑ ዳር ተቀምጦ ያይሻል። መላላጫው የቱ ነው? ፈረሰኛው ለማን ይድረስ? የአዘዞዋ ነጋዴ ብልቱን ብትቆጥር አሥራ ሁለቱን አልፎ ሃያ ገባባትና መቁጠሩን ተወችው። (እኔ ቀመስሁ። ይጣፍጣል።)

ሥጋ ላይ ስንደርስ ነገር ተወሳሰበ። ሐጂ ሐላል ያልሆነ አይነኩም። የአዘዞዋ ነጋዴ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ አትበላም። የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ ሥጋ ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። ጎንደር ቢሆን ሁለት ድስት ተጥዶ ያልቅ ነበር። አስጎብኚያችን ያመጣችው መፍትሔ ደግሞ የባሰ ሆነ። ረቡዕ ዕለት “ሥጋ የሌለበት” ብላ የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ ወደሚሠራበት ቤት ወሰደችን። ሁሉም ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ዳክዬ አስመስለው ቆዳውን ሳይቀር አብስለውታል! የአዘዞዋ ነጋዴ አገላብጣ አየችውና “ጾሙን ባይሽረውም ሐሳቡን ይሽረዋል” ብላ ወደ ድርቆሿ ተመለሰች። መሪጌታ፣ በዚህ ላይ ፍርድዎን እጠብቃለሁ።

ያስታረቀን ዓሣ ነው። ዓሣ ቢላዋ አይለይም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን ይበላዋል። ለዚህ ደግሞ ሹንዴ የምትባል ከተማ ወሰዱን። የስሜንን ተራሮች በ1978፣ የፋሲልን ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ዩኔስኮ ሹንዴን በ2014 እ.ኤ.አ. ከዓለም የምግብ ከተሞች አንዷ አድርጎ መርጧታል። የተመረጠችው በወጥ ቤቷ ነው፣ እማየ! አንቺ ምድጃ ሥር ሆነሽ ስንት ዘመን ያላግባብ እንደተዘለልሽ አሁን ገባኝ። ዓሣውን በሕይወት ሳለ ከገንዳው ትመርጪዋለሽ። በእንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያበስሉትና ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ነስንሰውበት የጋለ ዘይት ያፈሱበታል፤ ቸስ ሲል ሽታው አፍንጫ ላይ ይወጣል። ሲቀርብም ጭንቅላቱ ወደ ክቡሩ እንግዳ ይዞራል። ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ላይኛውን ጎን ጨርሰው ሊገለብጡት ሲሉ አብረውን ያሉት የፋብሪካው ባለቤት እናት ጮኸው እጃቸውን ያዟቸው። ለካ የባሕር ዳርቻ ሰው ዓሣ አይገለብጥም፤ ዓሣ ከተገለበጠ ጀልባ ይገለበጣል ብሎ ይፈራል። አከርካሪውን አንሥቶ የታችኛውን እዚያው እንዳለ ይበላል።

ስለ እባቡ ደግሞ ልመስክር። ድሮ በዚህ አገር የእባብ ሾርባ ነበረ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የዱር አራዊትን መብላት በሕግ ተከልክሏል፤ ተይዞ የረባውም ሳይቀር። እንግዲህ ልብላ ብል እንኳ እቀጣለሁ። ሰፈርተኛው ይህን ይስማ።

ከዚያ ፈጣኑን ባቡር ይዘን ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዘን ጉዊሊን ገባን። መሬቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ የድንጋይ ተራራዎች ብቻ ብቻቸውን ብድግ ብድግ ብለዋል። ዝናብ የኖራውን ድንጋይ በሚሊዮን ዓመታት አሟምቶ የተረፈው እሱ ነው። በመካከላቸው ሊ የሚባለው ወንዝ ያልፋል፤ በጀልባ ወደ ያንግሹዎ ስትወርጂበት ሺንግፒንግ ላይ ጎብኚው ሁሉ የ20 ዩዋን ኖት አውጥቶ ወደ ሰማይ ያነሣል። ገንዘቡ ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል ያ ቦታ ነውና ከተራራው ጋር ያስተያዩታል። ሐጂ ይህን አይተው ዝም አላሉም። ከቦርሳቸው ጥግ አሮጌውን ሃምሳ ብር አወጡና የፋሲልን ግንብ ለአስጎብኚዋ አሳዩዋት፤ “ገንዘቡን ቀየሩት እንጂ ግንቡ አለ” ብለህ አስተርጉም አሉኝ። እዚያው ወንዙ ላይ ኮርሞራንት የሚባል ወፍ ዓሣ ሲያጠምድ አየን። አንገቱ ላይ ክር ስለሚታሰር ትልቁን ዓሣ መዋጥ አይችልም፤ ይዞ ለጌታው ያመጣል። አሁን አሁን የሚደረገው ለጎብኚ ትርኢት ነው አሉን። ሐጂ ትክ ብለው አዩትና “ይኼስ ኮሚሽን የማይበላ ደላላ ነው” አሉ። ወደ እኔ ዞረው ባይስቁ ደግ ነበር።

በማግሥቱ ሎንግጂ ወጣን። ተራራው ከግርጌው እስከ ጫፉ የሩዝ እርከን ነው፤ ገበሬዎቹ ከ600 ዓመት በላይ ሲቆፍሩት ኖረዋል። የደባርቁ ልጅ ጉዞውን ሁሉ ያልተናገረውን እዚህ ተናገረ። “ይኼኮ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ቀበሌው እየጠራ ያሠራን እርከን ነው፤ ልዩነቱ ይኼ አልቋል።”

አሁን የመጀመሪያው ክስ ቀረ፤ የአጥንቴ ጉዳይ። የባለቤቱ እናት ገና ሲያዩኝ ለልጃቸው የተናገሩት ነገር ቢኖር “ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው የከሳው?” የሚል ነው። ካንቺ ጋር ተነጋግራችኋል እንዴ? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳህኔን ባዶ አላዩትም። ዓሣ አነሡልኝ፣ ቅጠል ጨመሩልኝ፣ እምቢ ስል ጭራሽ እጥፍ አደረጉት። ሳህን ማጽዳት “ጨምሩልኝ” ማለት እንደሆነ በሆዴ ተማርሁ። ቀበቶየ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሄዷል፤ ፎቶ እልካለሁ።

የመጨረሻው ማታ ያንግሹዎ በቢራ የሚሠራ ዓሣ በላን። (ከጉዊሊን የሩዝ አረቄ ጋር። ከደባርቁ አረቄ አይተናነስም።) ያን ዕለት ጎንደሬዎቹ መከርን፤ ሳምንት ሙሉ ተበልቶ ዝም አይባልም፣ ራቱን እኛ እንክፈል ተባለ። ሐጂ እጄን ልታጠብ ብለው ተነሡና ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄዱ። ተከፍሏል! የፋብሪካው ባለቤት ገና ስንቀመጥ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልኩ አንሥቶ ኖሯል። ሐጂ ተመልሰው ብሩን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። እሱ አውጥቶ የአዘዞዋ ነጋዴ ቦርሳ ላይ ወረወረው። እሷ አንሥታ እናቱ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። እናቱ የእኔን ክንድ ያዙ። “ወላሂ!” አሉ ሐጂ፤ “በማርያም!” አለች እሷ፤ እኔም “እማየ ትሙት!” ብየ ማልሁ። አትቆጪ፣ ሌላ የሚመጥን መሐላ አልነበረም። ወንበር ተገፋ፣ ሲኒ ወደቀ። ሰው ታዝቦን ይሆን ብየ ዘወር ብል የሚያየን የለም፤ አጠገባችን ያሉ ሁለት ሽማግሌዎች እነሱም ሒሳብ ለመክፈል አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። ማማውም ወንዙም ቢያስደንቀኝ አገሬ የገባሁ የመሰለኝ እዚህች ላይ ነው። እኛ ተሸነፍን። ሐጂ ባቡር ውስጥ ድርቆሽ ልቅመስ ብለው ፌስታሉን ሲፈቱ ብራቸውን ሥር ላይ ታጥፎ አገኙት።

ስለዚህ እማየ፣ ብድር ለመመለስ ተዘጋጂ። ሰውየው ከእናቱ ጋር ለጥምቀት ጎንደር እመጣለሁ ብሏል፤ ከዚህ አዲስ አበባ አየር መንገዳችን በቀጥታ ይበራል፣ ከዚያ አዘዞ ቅርብ ነው። ዶሮውን አሥራ ሁለቱንም ብልት አድርጊና ፈረሰኛውን ለእሱ አውጪለት። ለእናቱ ሙቅ ውኃ አይጥፋ። አቦሉን እንዳይደፋው እኅቴ እስኪጠጣ ድረስ ከጎኑ አትነሣ። ስልኩን ይዞ መሶቡን ዙሪያውን ማየት ከጀመረ ኮድ እየፈለገ ነውና ዝም በሉት፣ አያገኝም። የሚያሰጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲሄድ ብር ደብቆ ይሄዳል። ፍራሹን፣ ሙዳዩን፣ የመሪጌታን ካባ ኪስ ሳይቀር ፈትሹ። ካገኛችሁ አየር ማረፊያ ድረስ ተከትላችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱለት። እምቢ ካለ “ልጄ ይሙት!” ብለሽ ማይበት፤ ተፈቅዶልሻል፣ እኔ እዚህ ምንም አልሆንም።

በርበሬና ሽሮ በሰው ላኪልኝ።

አክባሪ ልጅሽ

(እኅቴ፣ በቅንፍ ያለውን ሁሉ እንዳነበብሽላት አውቃለሁ።)