ሰው የሌለበት ተራራ ስላስረከባችሁን እናመሰግናለን

ይድረስ ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ
ፓሪስ

ጉዳዩ፦ የግጭ መንደር ከሰሜን ተራሮች ስለ መነሣቱ የቀረበ ምስጋና፣ ከጥቂት ጥያቄዎች ጋር

ክቡራንና ክቡራት፤

ይህ ደብዳቤ የሚጻፍላችሁ ከባርኔአ ነው፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ በአሽቀሎን ከተማ በስተሰሜን ካለ ሰፈር። ከባሕር ወለል ላይ ተቀምጦ ስለ ደጋ መጻፍ ድፍረት እንዳይመስልባችሁ አስቀድሜ ላስረዳ። አሽቀሎን ከጎንደር፣ ከወገራና ከሰሜን የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ከዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከዐፄ ሱስንዮስ ጦር ጋር የተዋጉት በሰሜን አምባዎች ላይ ነው። ይህን ማንሣቴ የርስት ጥያቄ ለማቅረብ አይደለም፤ አትደንግጡ። ተራራው እናንተ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ አድርጋችሁ ስትመዘግቡት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተፈጥሮ ቅርስነት ብቻ መግባቱን ለማስታወስ ነው። ያን ጊዜ አብሮት የተመዘገበው ላሊበላ የሰው እጅ ሥራ ተባለ፤ ሰሜን ደግሞ የገደልና የዋልያ ሥራ ሆነ። ንጉሥ የተዋጋበት፣ ገበሬ ገብስ የዘራበት ተራራ በቅጹ ላይ ሰው የሚለው ሣጥን ባዶ ሆኖ መግባቱ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ዘንድ፣ መሬቱም ቆይቶ ከቅጹ ጋር እንዲስማማ መደረጉ አይቀርም ነበር።

ደግሞም ተደረገ፤ ምስጋናዬም ለዚሁ ነው። ሰሜን በ1969 በንጉሡ ዘመን ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ታወጀ። በደርግ ጊዜ በገደሉ ሥር ያሉ መንደሮች ተነሡ። በ1996 እናንተ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባችሁት፤ ከዚያ ለመውጣትም ዋልያና ቀይ ቀበሮ እንዲበዙ፣ ወሰኑ እንዲስተካከልና እንዲሰፋ፣ በውስጡ የሚኖረው ሰው ደግሞ እንዲቀንስ መመዘኛ አወጣችሁ። ሃያ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ፣ በ2016፣ የግጭ መንደር 418 አባወራ ከነቤተሰቡ ወደ ደባርቅ ከተማ ወረደ፤ በ2017 ክራኮው ላይ በተቀመጣችሁት ጉባኤ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ጭብጨባ ሆነ። ለዚህ ውጤት መንገድ ማዛወርና የዱር እንስሳት መብዛትም ድርሻ ነበራቸው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ዋልያ በራሱ ጊዜ ይበዛል፣ መንገድም በገንዘብ ይዛወራል፤ አርሶ አደር ግን ከቄዬው የሚነሣው በሌላ መንገድ ነው። የጭብጨባው ትልቁ ድርሻ ለዚያ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ተራራው ለሕዝብ ክፍት ነው። ይህ አባባል ደስ ይላል፤ ሕዝብ የሚባለው ማን እንደሆነ እስኪጠየቅ ድረስ። ከፓሪስ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት፣ በበቅሎ ጓዙን አስጭኖ ግጭ ካምፕ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል፤ እሜት ጎጎ ላይ ወጥቶ ገደሉን ያያል፣ ጅብራው ሥር ፎቶ ይነሣል። ድንኳን ካልወደደ በፓርኩ ክልል ውስጥ፣ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሎጅ ተሠርቶለታል። ግጭ የተወለደ ሰው ግን እዚያው ቦታ ማደር የሚፈልገው ትኬት ሳይዝ ስለሆነ፣ እሱ የተፈጥሮ ጠንቅ ነው። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ በደንብ አስቤበት አንድ ብቻ አገኘሁ፦ እንግዳው ይመለሳል። ተፈጥሮን የሚያይ እንጂ ከተፈጥሮ የሚበላ አይደለም፤ ምግቡን በጣሳ ይዞ ይመጣል። አውሮፕላኑ የሚያቃጥለው ነዳጅ በእናንተ ሚዛን ላይ የለም፤ የግጭ በግ የነጨችው ጓሳ ግን በሚዛኑ ላይ አለች።

መልሳችሁን ከወዲሁ እገምታለሁ። ግጭ ላይ ሣሩ ተግጦ አልቆ ነበር፣ ቁልቁለቱ ታርሶ አፈሩ በጎርፍ ይሄድ ነበር ትላላችሁ። እውነት ነው። የስዊሱ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሰሜንን አፈር መሸርሸር ለክቶ አሳይቷል፤ በገብስ የተሸፈነ ቁልቁለት ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ ከሰሜን ገበሬ በላይም የሚያውቀው የለም፤ ምርቱ የሚቀንሰው በእሱ ጎተራ ውስጥ ነውና። ነገር ግን መሬት መጎዳቱ አንድ ጉዳይ ነው፣ መድኃኒቱ መፈናቀል ነው ማለት ሌላ። የእናንተው የዋልያ ታሪክ ይመሰክርባችኋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዋልያ ቁጥር 150 ገደማ እንደሆነ ይገመት ነበር። በ2000ዎቹ ከ500 በላይ ደረሰ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግጭ በቦታዋ ነበረች፤ ሰዎቿ ያርሱ ነበር፣ በጎቿም ይግጡ ነበር። ዋልያ ክፉኛ የተጎዳበትን ጊዜ ብንፈልግ የምናገኘው ጦርነት ጠባቂዎችን ከፓርኩ ያስወጣበትን ጊዜ ነው፤ በ1980ዎቹ እንዲያ ሆኗል፣ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህም ቁጥሩ መውረዱ ተነግሯል። ይህ የመጨረሻው ደግሞ የሆነው ግጭ ባዶ ከተደረገች በኋላ ነው። ጥይት በግን አይመስልም፤ ነገር ግን በእናንተ ሪፖርት ውስጥ ከጥይት ይልቅ በግ ብዙ ቦታ ታገኛለች።

ይህን ክርክር ከባርኔአ ለመጻፍ የተሻለ ምክንያትም አለኝ። ከዚህ ሰፈር በስተሰሜን፣ በአሽቀሎንና በአሽዶድ መካከል፣ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የኒጻኒም የአሸዋ ክምር ጥብቅ ቦታ ይገኛል። የእስራኤል ባሕር ዳር አሸዋ አብዛኛው በፎቅና በመንገድ ተውጦ፣ እንዲህ ሰፋ ብሎ የተረፈው ጥቂት ስለሆነ፣ አገሪቱ አጥራ ትጠብቀዋለች። እስከ 1948 ድረስ ሐማማ የምትባል የፍልስጤማውያን መንደር በዚያው አካባቢ ነበረች። የመንደሯ ሰዎች ፍየልና ግመል ያሰማሩ ነበር፣ ለማገዶ ቁጥቋጦ ይቆርጡ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት መንደሯ ባዶ ሆነች፤ ሰዎቿም ወደ ጋዛ ሄዱ። እነሱን ያስነሣቸው ጦርነት እንጂ የተፈጥሮ ጥበቃ አይደለም፤ ሁለቱን አልቀላቅልም። የሚገርመኝ በአሸዋው ላይ የሆነው ነው። ከ1945 ጀምሮ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች ተሰብስበው ሲነጻጸሩ፣ ግጦሹና ማገዶ ለቀማው ከቆመ በኋላ ቁጥቋጦው እየሰፋ፣ የሚንቀሳቀሰው አሸዋ እየረጋ መምጣቱ ታየ። አሸዋው ሲረጋ ባዶና ተንቀሳቃሽ አሸዋ ላይ ብቻ መኖር የለመዱት እንሽላሊቶችና የአሸዋ አይጦች ቦታ ጠበባቸው፤ የእነሱን ስፍራ ከየትም ቦታ የመጣ፣ በየትም ቦታ የሚኖር ፍጥረት ያዘው። ታዲያ ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? በማሽን ቁጥቋጦውን ነቅለው አሸዋውን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመሩ። የሐማማ ሴት በመጥረቢያ በነጻ ትሠራው የነበረውን ሥራ፣ ዛሬ መንግሥት በበጀት ያሠራዋል። ይህን ሳነብ ሳቅም እልህም ያዘኝ፤ ሰው የተፈጥሮው አንድ አካል እንደነበረ የሚታወቀው ሰውየው ከሄደ በኋላ ከሆነ፣ ጥናቱ ለማን ይጠቅማል?

በዚሁ አገር ሌላም ምስክር አለኝ። በ1950 የእስራኤል ፓርላማ ፍየል በዕፅዋት ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ለመከላከል በሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ የጥቁሯን ፍየል ግጦሽ አጠበበ፤ የፍየል ባለቤቶቹ ደግሞ በብዛት ቤዱዊንና ሌሎች ዐረቦች ነበሩ። ፍየል ደን ትጨርሳለች የሚለው እምነት ያን ጊዜ ሳይንስ ነበር፤ እናንተም በሰሜን ላይ የያዛችሁት እምነት የዚሁ ዘመድ ነው። በታኅሣሥ 2010 የቀርሜሎስ ተራራ ነዶ 44 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ፣ በደኑ ሥር የበቀለውን ደረቅ ቁጥቋጦ የሚበላ አለመኖሩ እሳቱን እንደሚያባብስ ባለሙያዎች ደጋግመው ተናገሩ። በ2018 ሕጉ ተሻረ። ሕጉ እንዲሻር ሐሳቡን ያመጣው የዐረብ ተወላጅ የፓርላማ አባል ነበር፤ ሌሎችም ተስማሙለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ቢሆንም ስሕተቱን ለማመን 68 ዓመት የፈጀበት ፓርላማ፣ አሁንም ከማያምን ኮሚቴ ይሻላል።

ምናልባት ግጦሽና ቅርስ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ማንም አላስረዳችሁ ይሆናል ብዬ ነበር። ከዚያ የ2011ን መዝገባችሁን አየሁ። በዚያ ዓመት በፈረንሳይ የኮስና የሴቬን ተራሮችን በቅርስነት መዝግባችኋል፤ ምክንያታችሁም እረኞቹ ናቸው። በግ ነጂው፣ የድንጋይ በረቱ፣ የበጋ ግጦሽ መንገዱ፣ ሁሉ የዓለም ሀብት ተባለ፤ እረኛው ከጠፋ ቅርሱ ይጠፋል ተባለ። በሴቬን ውስጥም ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በውስጡም ሰው ይኖራል። ጊዮም ብላን የሚባል ፈረንሳዊ ታሪክ ጸሐፊ በ2020 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ሴቬንን ከሰሜን አጠገብ አስቀምጦ አነጻጽሯል፤ መልስ የሰጣችሁት እንደሆነ አላየሁም። በዚያው በ2011 ጉባኤ የኮንሶን እርከንም መዝግባችኋል፤ ስለዚህ አፍሪካዊ ገበሬ መሬት ይጠብቃል የሚለውም ለእናንተ አዲስ አይደለም። እንግዲህ ደንቡ ምን ይሁን? በጓ ፈረንሳዊት ከሆነች ባህል ናት፣ የግጭ ተወላጅ ከሆነች አደጋ ናት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ሴቬን ላይ አጥሩን አልነቀነቃችሁትም።

ሁለተኛው መልሳችሁ የበለጠ ብልህ ይሆናል። እኛ ማንንም አላስነሣንም፤ ያስነሣው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፣ ነዋሪዎቹም ፈቅደው፣ ካሣ ተቀብለው ነው የወጡት ትሉኛላችሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ። ፖሊስ የላችሁም፤ ያላችሁ ዝርዝር ብቻ ነው። ነገር ግን ያ ዝርዝር ለድሃ አገር ቱሪስትም ነው፣ እርዳታም ነው፣ ክብርም ነው፤ ሰው እንዲቀንስ የሚል መመዘኛ በዝርዝሩ ላይ ጽፎ፣ ሲቀነስ ግን ዞር ብሎ ማየት ብልኃት ነው እንጂ ንጽሕና አይደለም። ስለ ፈቃዱ ደግሞ፦ ማረስ፣ ማሰማራትና እንጨት መስበር ሕግ መተላለፍ በሆነበት መሬት ላይ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ዐሥርተ ዓመታት የቆየ ሰው ካሣ ሲቀርብለት እሺ ማለቱ አይገርምም። በካሣው ቤት ይሠራል። ገብስና በግ ብቻ ሙያው የሆነ አባወራ ግን ደባርቅ ላይ ቤት ስላለው ገብስ አይዘራም። መኖሪያው ተከፍሎታል፤ ኑሮውን ግን ማንም አልተመነውም። ለነገሩ የአዲስ አበባ ሹማምንትም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም፤ ለእነሱ የሚጻፈው ደብዳቤ ከዚህ የረዘመ ስለሚሆን ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

ሦስተኛው መልስ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከቅን ሰዎች የሚመጣ ነው። የሰው ቁጥር እየበዛ ነው፣ ሁሉም ይረስ ካልን ዋልያም ጭላዳም ይጠፋሉ፤ ታዲያ አንተ ተራራውን ለማረሻ ልትተወው ነው? ይሉኛል። አይደለም። ጥብቅ ቦታ ያስፈልጋል፣ ወሰንም ያስፈልጋል፣ ማንም እግሩን የማያሳርፍበት ገደል ቢኖርም ደስ ይለኛል። የምጠይቀው ወሰኑ በማን ላይ እንደሚሰመር ነው። መሬቱ ለስንት በግ እንደሚበቃ ከነዋሪው ጋር ቆጥሮ መስማማት ይቻላል፤ ቁልቁለቱን ከማረስ ለሚተው ገበሬ በየዓመቱ መክፈል ይቻላል፤ የአውሮፓ መንግሥታት ለራሳቸው ገበሬ የሚያደርጉት ነው፣ ማንም ተአምር አላለውም። ከቱሪስቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ፣ ሎጁና ካምፑ ለምን እንደሚበቁ ንገሩን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ2023 የባሌ ተራሮችን መዝግባችኋል። በባሌ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ይኖራሉ፤ በግጦሽና በሰፈራ ላይ የሚጻፉት ሪፖርቶችም የሰሜንን ቋንቋ መናገር ጀምረዋል። ስለዚህ ባሌ አደጋ ላይ ነው ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር እንድታደርጉ በትሕትና አመለክታለሁ። አንደኛ፣ የግጭ ሰዎች ከወረዱ በኋላ እንዴት እንደኖሩ በገለልተኛ ሰው አስጠንታችሁ፣ ውጤቱን ከዋልያው ቆጠራ ጋር በአንድ ገጽ አትሙት። ሁለተኛ፣ ግጭ ላይ ሣሩ አገግሞ ከሆነ፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ በጎቻቸውን በቁጥር ተወስኖ በየወቅቱ እንዲያሰማሩበት ፍቀዱ፤ ሴቬን ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳችሁ ባለሙያ ፓሪስ ውስጥ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልተመቻችሁ፣ ቢያንስ በምዝገባ ቅጹ ላይ ሰው የሚለውን ሣጥን ሙሉልን፤ ቅጹን በድጋሚ መላክ እንደማያስቸግር አውቃለሁ፣ ቅጽ ለእናንተ ቀላል ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከባርኔአ፣ አሽቀሎን

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን፣ ኢየሩሳሌም (የኒጻኒምን ቁጥቋጦ ለሚነቅሉት ክፍል)
ለቀድሞ የግጭ ነዋሪዎች፣ ደባርቅ