መቀስ፣ ጭጋግ እና አባ ከበሮ

ተረት ተረት… የላም በረት።

በምስሎች አገር አምስት ጨፋሪዎች ይኖሩ ነበር። የጎጃሙ ትከሻ እስክስታ ይወርዳል፤ የጉራጌው እግር መሬቱን እየደጋገመ ይረግጣል፤ የሐረርጌው አንገት በሸጎዬ ይወዛወዛል፤ የወላይታው ወገብ ይውረገረጋል፤ የትግራዩ ክብ ሰው አስከትሎ ይዞራል። አንድ ቀን ዘፈን የምትባል እንግዳ መጣችና «የምቆየው አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሁላችሁም በአንድ ክሊፕ አጅቡኝ» አለቻቸው።

በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ አራት ደቂቃ 5,760 ፍሬም ነው። ጨፋሪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የሰዓታት ቀረጻ ነበራቸው። «ማን ይቅደም? ማን ስንት ይውሰድ?» ተባብለው ተጣሉ። በመጨረሻ ኤዲተሮች ካት የሚሉትን መቀስን ዳኛ አድርገው ሾሙት።

መቀስ አድልቷል መባልን ስለፈራ እኩል መቁረጥን መረጠ። ዘፈን በደቂቃ 120 ጊዜ ትመታ ነበርና በየምቱ፣ ማለትም በየ12 ፍሬሙ ቆረጠ። 480 ቁራጭ ወጣ፤ ለእያንዳንዳቸው 96 ደረሳቸው። በድርሻ የተበደለ የለም፤ የታየም ግን የለም። ትከሻ ተነሥቶ ሳይወርድ ተቀጨ፤ ክብ ግማሹን እንኳ ሳይዞር ተሰበረ። ተመልካቹ ዐይኑን እያሸ የማንንም ጭፈራ ሳያውቅ ሄደ።

ጨፋሪዎቹ ተቆጥተው መቀስን ሻሩና ዲዞልቭ የምትባለውን ወይዘሮ ጭጋግን ሾሙ። እሷ መቁረጥ አትወድም። «ልጆቼ፣ አንዳችሁ በሌላችሁ ላይ ቅለጡ፤ ድንበር አይኑራችሁ» አለቻቸው። ትከሻው በእግሩ፣ አንገቱ በወገቡ ላይ ፈሰሰ። ጠቡ ጠፋ፤ መልካቸውም አብሮ ጠፋ። ዘፈንም ግራ ተጋብታ «ከመካከላችሁ ማን ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ያን ጊዜ የዘፈንን ምት ወደሚመቱት ሽማግሌ፣ ወደ አባ ከበሮ ሄዱ። «አባ፣ ብንቆራረጥ አለቅን፤ ብንደባለቅ ጠፋን። እርስዎ ይፍረዱን።»

ሽማግሌውም እንዲህ አሉ፦ «ስንት ፍሬም እንደሚደርሳችሁ ጠየቃችሁ፤ ለጎረቤታችሁ ምን እንደምታስረክቡ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁም። መቀስ ልጄ፣ ትከሻ እስኪነሣ ታገሠው። መውረድ ሲጀምር ቁረጥ፤ ቁልቁል የጀመረውን እግር ረግጦ ይጨርስለት። ክብ ወደ ቀኝ እየዞረ ሳለ ቁረጥ፤ አንገትም ወደ ቀኝ ይቀጥልለት። ዐይን እንቅስቃሴውን ተከትሎ ስለሚሄድ ስፌቱን አያይም። በየምቴም አትቁረጥ፤ ብዙውን ካሳለፍከው የቆረጥክበት ምት ይሰማል። አንቺም ጭጋግ፣ ዘመን ሲያልፍ፣ ልጅ አድጎ ሽማግሌ ሲሆን ነይ፤ የዕድሜን መንገድ ካንቺ የተሻለ የሚያሳይ የለም።»

እንደተባሉት አደረጉ። አንዱ ስድስት ሰከንድ፣ ሌላው ሁለት ሰከንድ አገኘ፤ ቆጥሮ የከሰሰ ግን አልነበረም። ጎጃሜው የጀመረውን ጉራጌው መሬት ሲያሳርፈው ሁለቱም በየመልካቸው ሙሉ ሆነው ታዩ። ተመልካቹም ክሊፑ እስኪያልቅ ከመቀመጫው አልተነሣም።

አገርም እንዲሁ ናት። ድርሻ በመስፈር ብቻ አትጸናም፤ መልክን በማቅለጥም አትጸናም። የአንዱን ጅምር ሌላው በራሱ መልክ ሲፈጽምለት ትጸናለች። መቀስ በእጁ የገባ ሹም ሁሉ ከመቁረጡ በፊት፣ የሚቆርጠው ሰው ምን ሊጨርስ እንደነበረና ማን እንደሚቀበለው ይመልከት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።