ከነቃለ ጉባኤዋ የመጣች ሞተር

ቦታው ካራቆሬ ነው፤ የደሴው አስፋልት ዳር፣ ከጎሚስታው ጎን ያለች የቆርቆሮ ጋራዥ። ገና ረፋድ ነው፤ የይፋት ፀሐይ ግን ረፋድ የሚባል ነገር አታውቅም። ባለጋሪው አባባ ይመር አንዲት ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል በገመድ ጠፍረው አምጥተዋል። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ አቶ ጌታቸው ፋይል ታቅፈው በእግራቸው ይከተላሉ፤ ፋይሉ እንዳይቆሽሽ ጋሪው ላይ አልወጡም። መካኒኩ ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። (መሥሪያ ቤቱ የትኛው እንደሆነ አንባቢ ባይጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔም ጉዳይ እዚያ ነው ያለው።)

ሰይድ፦ ምን ብትሆን ነው በፈረስ የመጣችው?

ጌታቸው፦ ሞታለች። ቃለ ጉባኤውን ላንብብልህ።

ሰይድ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልያት።

ጌታቸው፦ ታይታለች። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው ያያት። «ሞተሯ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑ በመረጋገጡ ሙሉ እድሳት እንዲደረግላት፣ ይህ ካልተቻለም በሐራጅ እንድትወገድ» ተብሎ ተወስኗል። ከአንተ የሚፈለገው ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው።

ሰይድ፦ ከአምስቱ ሞተር የሚያውቅ አለ?

ጌታቸው፦ የሂሳብ ሹሟ ወንድም ባጃጅ አለው።

ሰይድ፦ ጥሩ። ከቆመች ስንት ጊዜ ሆናት?

ጌታቸው፦ አልቆመችም። «በጊዜያዊነት ከስምሪት ውጭ» ነበረች።

ይመር፦ ዶሮ ኮርቻዋ ሥር ሁለቴ ፈልፍላለች።

ጌታቸው፦ ነጂዋ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወር ቁልፏ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ቁልፉ በደብዳቤ ተጠይቆ እስኪመጣ ክረምት ገባ። ክረምቱ ሲወጣ የነዳጅ በጀት አለቀ። በጀቱ ሲለቀቅ ደግሞ ገበሬው ማሾውን ሰብስቦ ጨርሷል። ታዲያ ባዶ ማሳ ላይ ምን ልትሠራ ትውጣ?

ሰይድ፦ ስትቆም ቤንዚኗን ከታንከሩ አውጥታችሁ ነበር?

ጌታቸው፦ እንዴት ተደርጎ! ሙሉ ታንከር ተብሎ በሰነድ ሰፍሯል።

ሰይድ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አኮማተረ።

ሰይድ፦ ኑ፣ ያሽትቱ እስኪ።

ጌታቸው፦ የቀለም ሽታ ነው።

ሰይድ፦ ቤንዚን ሲከርም ቶሎ እሳት የሚይዘው ቀላሉ ተንኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው ከባዱ ነው። እሱም አየር ሲያገኘው ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ በእኛ ቆላ፣ ያውም ከቆርቆሮ ሥር፣ ምን እንደሚሆን ይገምቱት። ሙሉም አይደለም፤ ግማሽ ነው ያለው።

ጌታቸው፦ ግማሽ? ግማሹ የት ሄደ?

ሰይድ፦ ተነነ።

ጌታቸው፦ ለኦዲተር «ተነነ» ልበል?

ይመር፦ በላ፤ ከዚህ በፊትስ ስንቱ ተኖ የለም?

ጌታቸው፦ በቴሌብር የተከፈለበት የማደያ ቤንዚን እኮ ነው!

ሰይድ፦ በቴሌብር ቢከፈልበትም ይተናል።

ይመር፦ የማደያ ብቻ እንኳ አይደለም። ያ ነጂዋ ልጅ ከሃይላንድ ጠርሙስ ሲገለብጥባት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ።

ጌታቸው፦ አባባ ይመር፣ ይኼ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ሰይድ፦ የጠርሙስ ከሆነማ ነጭ ጋዝም አይጠፋበትም። ለማንኛውም፣ ስትረገጥ ጨርሶ ዝም ነው የምትለው?

ጌታቸው፦ ዝም እንኳ አትልም። ቾክ ሲሳብላት ትነሣለች፤ ቾኩ ሲመለስ ትጠፋለች። ኮሚቴው «ዘላቂነት የጎደለው አነሣስ» ብሎታል።

ሰይድ፦ ኮሚቴው እኮ በሽታዋን አግኝቶታል!

ጌታቸው፦ (ቀና ብለው) አይደል?

ሰይድ፦ አግኝቶ ሌላ ስም ሰጠው እንጂ። ቾክ ሲሳብ ቤንዚን በሌላ መንገድ በብዛት ይገባል። ቾኩ ሲመለስ ሞተር ዝቅ ብሎ የሚሠራው ካርቦሬተሩ ውስጥ ባለች አንዲት ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ በሚያልፈው ቤንዚን ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ቆማ ለከረመች ሞተር መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት። እስኪ እሳቷን ልይና ካርቦሬተሩን ላውርደው።

ካንዴላዋን ፈትቶ ብረቱ ላይ አስጠግቶ ረገጠ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። የቤንዚኑን ቁልፍ ዘጋና ካርቦሬተሩን አወረደ። ካቻቢቴውን አስገብቶ ሊፈታ ሲል ቆመ።

ሰይድ፦ የብሎኖቹ ጭንቅላት ተበልቷል። በምንድን ነው የነካካችኋት?

ጌታቸው፦ ንዑስ ኮሚቴው በሽንኩርት ቢላዋ ሞክሮ ነበር። ስብሰባው ምሳ ሰዓት ደረሰበትና...

በመከራ ተፈታ። የታችኛዋ ሳህን ውስጥ ያለው ነገር ቤንዚን ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቡናማ ነው፤ ጣት ይይዛል፤ ሥሩ ላይ የውሃ ጠብታ ተቀምጧል፣ ጠብታው ውስጥ አንዲት ጉንዳን። አቶ ጌታቸው ጉንዳኗን እያዩ ፋይላቸውን አጠበቁ፤ እሷም በንብረት መዝገብ የለችም።

ጌታቸው፦ ውሃውን ማን ጨመረው?

ሰይድ፦ ማንም። ታንከሩ ሲጎድል ባዶው በአየር ይሞላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል 5 ከመቶ ቤንዚን ውስጥ መግባት ሲጀምር ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ እዚያ ይሠራ ነበር፤ ቆማ የከረመች ሞተር ስትመጣለት አስቀድሞ የሚፈልገው ውሃ ነበር። ኢታኖል ውሃ ይስባል።

ይመር፦ አረቄ ውሃ ሲስብ አይቼ አላውቅም።

ሰይድ፦ አብሽሩ አባባ ይመር፣ የሚጠጡት ሰዎች ሌሊት ይስቡታል።

ሰይድ ቀጭኗን ነሐስ ፈትቶ ወደ ፀሐይ ዘረጋት። ብርሃን አታሳልፍም። ተንሳፋፊዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቃት፤ ውስጧ ቤንዚን አልገባም።

ጌታቸው፦ ሽቦ አለ። ኮሚቴው ሽቦ እንዲገዛ...

ሰይድ፦ ሽቦ አላስነካትም! ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው በሽቦ ከሰፋ ዕድሜዋን ሙሉ ቤንዚን ስትጠጣ ትኖራለች። በንጹሕ ቤንዚን ትዘፈቅና በፀጉር ትከፈታለች። አባባ ይመር፣ ከፈረሱ ጭራ አንዲት ዘለላ ይስጡኝ።

ይመር፦ ከፈረሴ? እሱ ጎትቶ ያመጣት አንሶ ደግሞ ፀጉሩን ሊያዋጣ?

ሰይድ፦ አንዲት ብቻ።

ይመር፦ ይሁን፤ ሂሳቡ ግን የጋሪው አይደለም፣ ለብቻው ነው።

ፀጉሯ ገባች፤ ከወዲያ ማዶ ሙጫ ለብሳ ወጣች። የጎሚስታው ኮምፕረሰር አንድ ጊዜ ሲነፋባት ቀዳዳዋ ላይ የሽንብራ ፍንካች የማታህል የፀሐይ ነጥብ ታየች። ሰይድ ትልቋንም ነሐስ ፈትቶ የተቀረጸባትን ቁጥር አነበበ።

ሰይድ፦ ይቺ ሞተር ደጋ ነበረች እንዴ?

ጌታቸው፦ ከደብረ ብርሃን በዝውውር ነው የመጣችው።

ሰይድ፦ ታዲያ ቀዳዳዋም የደጋ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኗን ቀንሰውላታል። የጣርማበርን ዋሻ አልፋ ቁልቁል ወርዳ ሸዋ ሮቢትን ስታልፍ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ያው የደጋው ነው። ቤንዚን ሲያንሳት ትግላለች፤ በዚህ ሐሩር ላይ ሲጨመር ፒስተኗ ነክሶ ይቀራል። ያን ጊዜ የኮሚቴያችሁ ውሳኔ እውነት ይሆናል።

ጌታቸው፦ በምን ያህል ጊዜ?

ሰይድ፦ ምን?

ጌታቸው፦ እውነት የሚሆነው።

ሰይድ፦ (እንዳልሰማ) የአየሩን ብሎን ትንሽ ጠበቅ አድርጌላታለሁ፤ ቁጥሯ ከፍ ያለ ቀዳዳ ገዝታችሁ እስክትቀይሩ ሙሉ ጋዝ አይስጧት።

ታንከሩ ታጥቦ አዲስ ቤንዚን ገባበት፤ ካርቦሬተሩ ቦታው ተመለሰ። ሰይድ ረገጠ። ደገመ። በሦስተኛው ተነሣች። ቾኩን መለሰው፤ አልጠፋችም። ነጭ ጭስ ጋራዡን ሞላው፣ ፈረሱ ደንግጦ ጋሪውን ወደ አስፋልቱ ጎተተ፣ አባባ ይመር ልጓሙ ላይ ተንጠለጠሉ።

ይመር፦ ያ ረቢ! በ1953 ካራቆሬ ስትንቀጠቀጥ፣ ማጀቴ ስትፈርስ ልጅ ነበርኩ፤ እንደዛሬ አልደነገጥኩም!

ጌታቸው፦ አጥፋት! ሰው ሳይሰማ!

ሰይድ፦ ለምን? ድናለች እኮ።

ጌታቸው፦ ልጄ፣ አንተ ወጣት ነህ። ሙሉ እድሳት ተብሎ በጀት ተጠይቋል። የኮሚቴው አበል ተከፍሏል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። አሁን እኔ ገብቼ «በፈረስ ፀጉር ዳነች» ልበል?

ሰይድ፦ እውነቱ እሱ ነው።

ጌታቸው፦ እሺ፣ ደረሰኝ ስጠኝ። የእጅ ዋጋ ብለህ ጻፍ። ፀጉሩን ግን ለብቻው እንዳታደርገው።

ይመር፦ ለብቻው ነው የሚጻፈው! ተስማምተናል።

ጌታቸው፦ አባባ ይመር፣ ለፀጉር ግዢም ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ሌላ ሁለት ፈረስ ከየት አመጣለሁ?

ይመር፦ ከሰንበቴ። እሑድ ገበያ ነው።

ሰይድ፦ አቶ ጌታቸው፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ዳግመኛ የምትቆም ከሆነ የቤንዚኑን ቁልፍ ዘግታችሁ ሞተሯን እንደተነሣች ተዉአት። ሳህኗ ውስጥ ያለው ተቃጥሎ ሲያልቅ ራሷ ትጠፋለች፤ ለሙጫ የሚሆን አይተርፍም። የታንከሩንም አውጥታችሁ ተጠቀሙበት።

ጌታቸው፦ የመንግሥት ነዳጅ ሆን ብሎ ማቃጠል? በጽሑፍ ልትሰጠኝ ትችላለህ?

ሰይድ፦ ይንዷትና ይሂዱ ባክዎ፤ ጭሱ ገደለን።

ጌታቸው፦ ማን ይንዳት?

ሰይድ፦ እርስዎ።

ጌታቸው፦ እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም። በመሥሪያ ቤቱ የሞተር መንጃ ፈቃድ ያለው ያ የተዛወረው ልጅ ብቻ ነበር።

ሰይድ፦ እንግዲያው ላጥፋትና ትጫን።

ጌታቸው፦ እንዳታጠፋት! ጠፍታ ከሄደች ተነሥታ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እንደተነሣች ጫናት፤ ኮሚቴው በጆሮው ይስማ።

ይመር፦ እንደተነሣች? በእኔ ጋሪ?

ጌታቸው፦ ሂሳብ እንጨምራለን።

ይመር፦ ስንት ትጨምራለህ?

ጌታቸው፦ እሱን በቀጣይ ስብሰባ የምናየው ይሆናል።