ቦሎ ያለው ፍሬን

ገሱባ ገበያ ዳር የቆመ ባጃጅ ይታሰብ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ሾፌሩ ቡና እየጠጣ ነው። ትራፊኩ ግን አደጋውን ከሩቅ ለይቶታል፤ መስታወቱ ላይ ቦሎ የለም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ማለፊያ ነው! ቦሎ ፍሬኑና መሪው በአንዲት የተባረከች ቀን ደህና እንደነበሩ ይመሰክራል። ምስክሩ ከተለጠፈ በኋላ ፍሬን ቢላላ፣ መብራት ቢጠፋ፣ መቼም መስታወቱ ዋስ ነው። ለ3 ሰው የተፈቀደው ሌላው ባጃጅ 6 ሰውና አንድ ዘለላ ሙዝ ጠቅጥቆ ሲያልፍ ትራፊኩ ቦሎውን አይቶ እጁን ያነሳለታል።

ቡና ጠጪው ሾፌር የተጣለበትን ቅጣት መቃወም ደግሞ መብቱ ነው፣ ተመስገን። ሾፌሩ ቦሎው ተልጦ መውደቁን ለማስረዳት ባጃጁን ነድቶ ያቅርብ። ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መንጃ ፈቃዱ ትራፊኩ ኪስ ነው፤ ከኪስ የሚወጣው ቅጣቱ ሲከፈል ነው። ከከፈለ ምኑን ይቃወማል?

እስከዚያው ባጃጁ እንደቆመ ነው። ቀኑን ሙሉ ማንንም አልገጨም፤ ያውም ያለ ቦሎ።

ለማንኛውም ባለ ባጃጆች፣ አዲሱ በደንብ ሳይጣበቅ የአምናውን ቦሎ አትላጡ።