አጣቢውን ማን ያጥበዋል?

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ከግቢዬ ገመድ ላይ ፎጣ ላወርድ ብስብ ገመዱ አብሮ መጣ። ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል አድሮ አሥራ ሁለቱም ፎጣዎች ብራና ሆነዋል። አንዱን እንደምንም አላቅቄ መሬት ላይ ባቆመው ቆመ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደጅ ያደረ እርጥብ ነገር ሁሉ ጠዋት የሚገኘው ጠባዩን ለውጦ ነው። ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ አየችኝ።

«ጋሼ፣ በማለዳ ምን ይጠብቃሉ?»

«ፎጣ።»

«እስኪደርቅ?»

«እስኪረጥብ።»

ራሷን ነቅንቃ ገባች። ሰፈሩ ስለ እኔ የሚያወራው ነገር እንደማያጣ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ሥራ አቀለልኩለት።

ፎጣ ስል የሰው እንዳይመስላችሁ። የመኪና ነው። ከእኔ በፊት ሦስት ጌታ ያገለገለች ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ አለችኝ። በገዛኋት ሰሞን ፀሐይ ላይ አቁሜ ፎቶ አነሣኋትና ቨርጂኒያ ላለው የእህቴ ልጅ ላክሁለት። ምርቃት ስጠብቅ ጥያቄ መጣ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ላይ ያለው የሸረሪት ድር ምንድን ነው?»

«እዚህ ብርድ ነው፣ ሸረሪት የለብንም» አልኩት።

ወጥቼ ባያት ግን እውነቱን ነው። የደጋ ፀሐይ አታሞቅም እንጂ ነገር አትደብቅም። ኮፈኑ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ቀጫጭን ክብ ጭረት እርስ በርሱ ተጠላልፏል። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ጥፋቱ የጨርቁ ነው፤ ጨርቁም ቢሆን ውስጡ በተደበቀው አሸዋ ነው የሚፈርደው። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት የላይኛው ልባስ ውፍረቱ ከአንድ ፀጉር አይበልጥም። በዚያ ላይ ያደፈ ጨርቅ ይዞ መዞር ማለት ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መዞር ነው።

«ለመሆኑ በምን ነበር የሚወለውሏት?» አለኝ።

በአሮጌ ካናቴራዬ ነበር። አልነገርኩትም። «ላቫጆ ነው የማሳጥባት» ብዬ ሸሸሁ። ላቫጆም ቢሆን ምስክር አይሆነኝም። ልጁ ቸርኬውን የፈተገበትን ጨርቅ አንድ ጊዜ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ያችን በምታክል ንስሐ፣ መስተዋቱ ላይ ሲያሳርፈው ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ! አንድ ጨርቅ ለእግርም ለፊትም። ልማዱ የቆየ ሳይሆን አይቀርም። እዚሁ አንጎለላ ተወልደው ከአንኮበር ለተነሡት ለአፄ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ ይዞላቸው ሲመጣ፣ ሕዝቡ የተደነቀው ያለ ፈረስ በመሄዷ ነው። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ ያ ሁሉ የበረሃ አቧራ በማን ነጠላ ጫፍ እንደተወለወለ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የእህቴ ልጅ ለሚመጣ ሰው አስይዞ አንድ ፌስታል ላከ። አሥራ ሁለት የማይክሮፋይበር ፎጣ፣ በቀለም በቀለሙ፤ ሦስት የፖሊሽ ማሻሻ፣ ሁለቱ ስፖንጅ አንዱ የበግ ፀጉር። ማሽኑ አልመጣም። የአሜሪካ ማሽን 120 ቮልት ነውና የእኛን 220 ቢቀምስ ከመኪናዋ በፊት እሱ ይጨሳል። «ድሪል ላይ የሚገጠም መያዣ ልኬያለሁ» አለኝ። ከዚያ ስለ ፎጣዎቹ አጠባበቅ ደቂቃ ሙሉ በድምፅ መልእክት ተናገረ። ደቂቃው ሊያልቅ ሲል ኔትወርክ ጠፋ። በኋላም መልሼ አልሰማሁትም። ፎጣ ማጠብ ያቅተኛል?

እነዚህ ፎጣዎች ግን ፎጣ መምሰላቸው ለማታለል ነው። ማይክሮፋይበር እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሬይ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ሚዮሺ ኦካሞቶ የሚባል ሰው ከሠራው ረቂቅ ክር የሚወለድ ዘር ነው። አብዛኛው ፖሊስተር ነው፣ ቀሪው ናይለን። የክሩን ቅጥነት ለመግለጽ፣ ዘጠኝ ሺህ ሜትሩ አንድ ግራም አይሞላም ይላሉ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ክር ብትዘረጉት ሚዛን ላይ አምስት ግራም አይደርስም። ለመኪና የሚሆነው ደግሞ ይኸው ክር በርዝመቱ ተሰነጣጥቆ ነው። አቧራውን የሚይዘው፣ ውሃውን የሚጠጣው በስንጥቁ ነው። ስንጥቁ ከተደፈነ ያለቀለት ነው።

እኔም ደፈንኩት።

ለአዲስ ነገር አዲስ ወግ ያስፈልጋል ብዬ ትልቁን ድስት ጣድኩ። ፎጣዎቹን ከፈላ ውሃ ጋር አገናኘኋቸው፤ ነጮቹ ይበልጥ እንዲነጡ በረኪና ጠብ አደረግሁ፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ጋቢዬንና ሁለት ካልሲ ጨመርኩ። በመጨረሻም፣ ቀለሟን እንዳይጭሩባት በማለት፣ ሽታው ሰርግ ቤት የሚያስመስል የልብስ ማለስለሻ ግማሽ ጠርሙስ አፈሰስኩ። ሲደርቁ ለስላሳነታቸው ጉድ ነበር። መኪናዋ ላይ ሳሳርፋቸው ግን ውሃውን አልጠጡም፤ ወደ ፊት ገፉት። ወደ ኋላ ስመልስ ወደ ኋላ ገፉት። ጋቢዬ የሰጣቸውን የጥጥ ብናኝ ደግሞ በኮፈኑ ላይ እኩል አከፋፈሉት። ቪትዟ ጋቢ ለበሰች።

እንደገና አጠብኳቸው። ውርጩ የመታቸው ያን ማታ ነው።

ስልክ ደወልኩና ለእህቴ ልጅ እውነቱን ተናዘዝኩ። ዝም አለ። ከዚያ «ማለስለሻም?» አለ። «አዎ።» «በረኪናም?» «ትንሽ።» ሰው ሲሞት እንኳ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ለኅዳር ጽዮን አንኮበር አክስቴ ዘንድ መሄዴ አይቀርም ነበርና ፎጣዎቹን ኋላ ጭኜ ወጣሁ። እግረ መንገዴን አንድ ቦታ ልጥላቸው ነበር ሐሳቤ። እቴቴ ግን የመጣ ዕቃ ሳይፈተሽ አያልፍባትም። ከዘንቢሉ ውስጥ አንዱን አወጣች፣ በጣቶቿ አሸች፣ አሸተተች።

«ይህን ማሰሻ ያደረገው ማነው?»

«እቴቴ፣ የመኪና ፎጣ ነው እኮ፣ ማሰሻ አይደለም።»

«ፎጣ ነበረ በለኝ። ቅባት ቀብታችሁታል። ምጣድ ያሰሱበት ጨርቅ ውሃ ይጠጣል?»

እኔ በድስትና በስልክ ስዳክርበት የከረምኩትን በአንድ ማሽተት ጨረሰችው። ማለስለሻ የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነው፤ በክሩ ላይ ስስ ቅባት እየለበጠ ለእጅ እንዲመች ያደርጋል። ለካናቴራ ደግ ነው። ውሃ እንዲጠጣ ለሚፈለግ ጨርቅ ግን አፉን መስፋት ነው።

«ከምን ጋር ነው ያጠብከው?»

«ከጋቢዬ ጋር።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጓዳዋን ተመልከቱልኝ፦ ማሰሻው ከምጣዱ ሥር በገዛ ጎጆው ይኖራል። የጠላ ማጥለያው ለብቻው ተሰቅሏል። የመሶብ ልብሱ አለ፣ የእጅ ማድረቂያው አለ፣ የስኒ መወልወያዋ ደግሞ እንደ ታቦት መጎናጸፊያ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ማናቸውም ከማናቸውም ጋር አንድ ገበቴ ገብተው አያውቁም። ልጅ ሳለሁ በስኒው ጨርቅ እጄን ጠርጌ የቀመስኩት ቁንጥጫ እስካሁን ጭኔ ላይ ያለ ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ ሰማያዊው ለቀለም፣ ቢጫው ለውስጥ፣ ጥቁሩ ለቸርኬ፣ እንዳይቀላቀሉ ብሎ በድምፅ መልእክት የለፈለፈው ይህንኑ ነው። ቨርጂኒያ ድረስ ሄዶ የተማረው የአያቱን ጓዳ ነው፤ እኔ እዚሁ ተቀምጬ ጠፋኝ።

ማጠቡ ግን ለነገ ተባለ። «ዛሬ ጽዮን ናት፣ ጨርቅ አይታጠብም» ብላ ጠላ ቀዳችልኝ።

በማግስቱ እንዶድ ተወቀጠ። ፍሬው ደርቆ፣ ደቅቆ፣ ውሃ ሲነካው የሚያነሣውን አረፋ ያላየ ሰው አረፋ አየሁ አይበል። እንዶድ የእናቶቻችን ሳሙና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሸልሟቸዋል። ይህን ሁሉ ለእቴቴ አወራሁላት። «ታዲያ ወንዝ ውስጥ ምን ያስደፋቸዋል?» አለችና እጣቢውን ከቤቱ ርቃ ደረቅ መሬት ላይ ደፋችው።

ለብ ባለ ውሃ ነከረቻቸው። አልፈተገችም፣ አልጠመዘዘችም፤ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ። ሦስት ጊዜ አለቀለቀች፣ አራተኛ ጨመረች። ሣር ላይ ላሰጣ ስል ጮኸችብኝ፤ ያ ስንጥቅ ክር ጭዱን፣ የገብሱን ሾህ፣ ጨጎጎቱን ሁሉ ለቅሞ ሊገባ ነው ለካ። ምድጃ አጠገብም አይሆንም። ኩበት የጠጣ ፎጣ መኪናዋን አጥኖ ይመልሳል፤ ናይለኑም እሳት አይወድም። እልፍኝ ውስጥ ገመድ ተዘርግቶ፣ ከቅዱሳኑ ሥዕል ፊት ለፊት፣ አሥራ ሁለቱ ተሰለፉ። በማግስቱ አንዱን አንጠልጥዬ የፈሰሰ ውሃ ላይ ጣል ባደርገው ጥርግ አድርጎ ጠጣው። ሁሉም አልዳኑም። በረኪና የከረመባቸው ሁለቱ ክራቸው ሻክሯል፤ እነሱ ከቸርኬ በላይ አይሾሙም።

ከዚያ ማሻሻዎቹን አወጣሁ። ስፖንጆቹን አገላብጣ ጀርባቸው ላይ ያለውን የሚጣበቅ ነገር ነካካችው።

«ጨጎጎት ነው» አለች።

ሳቅሁ። መሳቄ ነው ስሕተቱ። ቬልክሮ የሚባለውን ይህን ነገር የፈለሰፈው ዦርዥ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ ውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን ጨጎጎት በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ቆልማማ መንጠቆውን ቀድቶ። እቴቴ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም።

የበግ ፀጉሩን ማሻሻ ስታይ ዓይኗ በራ። በፖሊሽ ደርቆ እንደ ቋጠሮ ተቋጥሯል። (ድሪሉ ላይ ገጥሜ አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ፖሊሹ ከመኪናዋ ይልቅ ግድግዳዬን አሳመረ።)

«የምን በግ ነው?»

«የፈረንጅ።»

«አውቄያለሁ። የመንዝ በግ እንዲህ አይልም፣ ይኮሰኩሳል። ብቻ ለባና ከእሱ ወዲያ የለም።» ባና በሚሠራበት አገር ያደገች ሴት ናት፤ ፀጉር እንዴት እንደሚፈተል፣ እንዴት እንደሚታጠብ አትነገርም። «በፈላ ውሃ እንዳትነካው። ይኮማተርና የሕፃን ቆብ ይሆንልሃል።»

ማሻሻዎቹንም ለብ ባለ ውሃ አጠበቻቸው። የደረቀውን ፖሊሽ በጥርስ ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያፍታታች አወጣች፤ የማን ጥርስ ብሩሽ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። ስፖንጆቹን ጨምቃ፣ ሳትጠመዝዝ፣ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋ ወንፊት ላይ ደፋቻቸው። ከውስጥ የቀረውን ብናኝ ደብረ ብርሃን ስመለስ ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር አስነፋሁት። የጎማ ልጅ ሃያ ብር ተቀብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ቁጥር ጎማ ነው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሆንኩ። የኮፈኑ ፎጣ ከቸርኬው ፎጣ ጋር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጥም። ማሻሻው በፖሊሽ እንደራሰ አያድርም። ማለስለሻው ለጋቢዬ ተመለሰ። ኩራቴ ግን ቢሮዬ ድረስ ስለተሰማ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «መኪናህን ስንት ጊዜ ታጥባለህ?» ሲለኝ «በሳምንት አንዴ፤ ፎጣዋን ግን ሁለቴ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ምሳ አይበላም።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ጥር 10 ቀን ሙሉ ቪትዟን ሳሻት ዋልኩ። ድሪሉን ቀስ ብሎ እንዲዞር አድርጌ፣ የበጉን ፀጉር ገጥሜ፣ በስፖንጁ ጨርሼ፣ በሰማያዊው ፎጣ ወለወልኩ። ማታ በእጅ ባትሪ ባያት ሸረሪቱ ከነድሩ ተሰዷል። ራሴን አየሁባት፣ ጢሜን መላጨት እንዳለብኝም አየሁ። በማግስቱ ማለዳ ለእቴቴ ላሳያት ወደ አንኮበር ነዳሁ። ዋናውን መንገድ ለቅቄ ወደ ቤቷ የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ከፊቴ አንድ አይሱዙ ነበር፤ ጉሙ ያረጠበውን አፈር እያነሣ አለበሰኝ።

ደጇ ስደርስ እቴቴ አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ታቦቱ ልትወጣ ቆማለች። መኪናዋን ዞራ አየቻት። ፎጣዬን ለማውጣት የኋላውን በር ስከፍት፣ እሷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ የሾፌሩን በር ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገችው። አሸዋው ሲንሸራተት በጆሮዬ ሰማሁት። ትንፋሼ ቆመ።

«ምን ያፈዝሃል?» አለችኝ። «አይዞህ፣ በእንዶድ የታጠበ ነው።»