እርጥብ ላሜራ

ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ስሙን የሰማ እንግዳ ውሃ እንደ ልብ የሚፈስበት ይመስለዋል። እኛ ግን ጀሪካን አሰልፈን ተራችንን የምንጠብቅበት ቀን አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አምና ልጄ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ተወርውረው ነበር። አንድ ማታ «ከኋላ ድዴን ይበላኛል» ቢለኝ በስልክ መብራት አፉን አየሁት። ከወተት መንጋጋዎቹ ሁሉ ጀርባ አዲስ ትልቅ መንጋጋ ብቅ ብሏል። ቦታ የለቀቀለት ጥርስ የለም፤ እንደ መሸበት እንግዳ ዝም ብሎ ገብቶ ተቀምጧል።

እናቴ ከረከቦቷ ሳትነሳ «የወተት ነው፣ ይወልቃል» አለች። ለእኔም በልጅነቴ ልክ እንዲህ ብላ ነበር። የኔው የዚያው ቦታ መንጋጋ ተቦርቡሮ የተነቀለው በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ምትኩን ስጠብቅ ይኸው አርባ ደፈንኩ። በግራ በኩል ዛሬም ቆሎ አልቆረጥምም።

በነጋታው ልጁን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ሐኪም ናት፤ መስታወቷን አስገብታ አየችና «ይሄ የስድስት ዓመት መንጋጋ ነው። ቋሚ ነው፣ ምትክ የለውም» አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ! ቀጥላ የመንጋጋውን አናት አሳየችኝ፤ ጎርፍ እንደቦረቦረው የቶሳ ተራራ ተዳፋት ሸንተረር በሸንተረር ነው። ሸንተረሩ ከብሩሽ ፀጉር ይጠብባል፤ ብሩሹም መፋቂያውም ሥሩ አይደርሱም፣ ከረሜላው ግን ይደርሳል። መፍትሔው፣ ጥርሱ ሳይበሰብስ ቀድሞ መድፈን ነው። ሲላንት ይሉታል። መርፌ የለው፣ መሰርሰሪያ የለው፤ ቀጭን ሙጫ ቀብቶ በሰማያዊ መብራት ማጠንከር ብቻ።

«እንግዲያው ማስቲሽ ነው በሉኛ!» አልኳት። በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ጥርሱን አጸዳች፤ ሙጫው እንዲይዝ የሚያሻክር አሲድ ቀባች። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ልታጥብ ስትል ከወንበሩ ቱቦ የወጣው አየር ብቻ ሆነ። ፍሽሽ! ውሃ ሄዷል። የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ አሲድ ጥርሱ ላይ እንደተቀባ፣ አፉን ከፍቶ ውሃ ይጠብቃል። ረዳቷ ሮጣ ሃይላንድ አመጣች፤ በሲሪንጅ እየሳቡ አጠቡለት። ግማሹን ዋጠ፣ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ተፋ፣ ከዚያ አኩርፎ አፉን ገጠመ። በልመናም በቁጣም አስከፈትነው፤ ሙጫው ተቀባ፣ መብራቱ በራ፣ ሒሳብ ተከፈለ።

በአራተኛው ቀን ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ሄድን። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ ልጄ ቆሎ እያላመጠ «አባ፣ ማስቲሹ ወጣ» አለኝ። ጣቱ ላይ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የማታክል ነጭ ቅርፊት። ገንዘቤ ናት!

የእህቴ ባል መኪና ቀቢ ነው። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ሐኪም አድርጎ ተመቻቸ። «ጋሼ፣ ላሜራው እርጥብ ነበር። እኛ በብርጭቆ ወረቀት እናሻክራለን፣ እናጥባለን፣ አድርቀን እንቀባለን። ላብ ያለው እጅ ከነካው አለቀ፣ ቀለሙ ይላጣል።»

የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ግን ነገሩ የመጣው ከዚያው ከቀለም ሥራ ኖሯል። ማይክል ቡኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ጥርስን በፎስፎሪክ አሲድ ማሻከርን ይዞ የቀረበው፣ ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝ ፋብሪካዎች የሚያደርጉትን አይቶ ነው። ሲላንትም የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ጠላቱ ደግሞ ምራቅ።

ሐኪሟ ስንመለስ አልተከራከረችም። «ምራቅ ነክቶታል» ብላ፣ ጥርሱን በጥጥ ግራና ቀኝ አጥራ፣ ያለ ክፍያ ደገመችው። ይኸው ዓመቱ ነው፣ አልተነቃነቀም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲላንት የመንጋጋ መቦርቦርን ለ2 ዓመት ከመቶ 80፣ እስከ 4 ዓመት ደግሞ ከመቶ 50 ያህል ይከላከላል ይላል። ስለዚህ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ብሩሹም አይቀርም። ሁለተኛው ዙር መንጋጋ የሚመጣው በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ እናቴ ያንንም «የወተት ነው» እንዳትል ከወዲሁ ነግሬያታለሁ።

ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አፉን በመብራት እዩት። ሐኪም ቤት ስትሄዱም አንድ ሃይላንድ ውሃ መያዝ አትርሱ።