ሰርቪስ ቤት በጭሮና በአካባቢዋ፦ የጓሮ ሥልጣኔ ቅድመ ጥናት

ስለ አክሱም ሐውልት፣ ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ግንብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰርቪስ ቤት ግን ምሁራኑ ዝም ብለዋል፤ ምናልባት ብዙዎቹ ተከራይተው ስለሚኖሩበት ይሆናል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ጭሮን (የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪን)፣ ሂርናን፣ በዴሳንና ገለምሶን መርጧል።

ዳራ

አሰበ ተፈሪን የጨርጨር መቀመጫ ያደረጓት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ግዛቱን ለአገር አርአያ ሊያደርጉት ደክመዋል፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ስለ ጓሮ አንድም አንቀጽ ስላልነበረው ጓሮው ራሱን በራሱ ማስተዳደር ያዘ።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወርሶ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ይህ ጥናት እንደሚገምተው፣ ወደ ጎን መስፋት የተከለከለ ሕዝብ ወደ ኋላ መስፋት የጀመረው ያኔ ነው።

አሠራር

ሰርቪስ የሚሠራው «ለጊዜው» ነው። አጠናው ይቆማል፣ ማገሩ ይመታል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይመረጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ልስን ይደረብበታል። ልስኑም በተራው ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ተከራይ ይገባል። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው። ጣሪያው የኢኮኖሚ መረጃ ምንጭ ነው፦ ጫት በደህና ዋጋ በተሸጠበት ዓመት የተሠራ ሰርቪስ ቆርቆሮው አዲስ ሲሆን፣ ዋጋው በወደቀበት ዓመት የተሠራው ግን ቀደም ሲል ሌላ ቤት ያገለገለ፣ የሚስማር ቀዳዳው ሳይደፈን የመጣ ነው።

የክፍሉ ልክ ሦስት ሜትር በአራት ነው። አልጋ ሲገባ የላሜራው በር እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል። ቁም ሣጥን ከተጨመረ ተከራዩ ቀጭን መሆን ይጠበቅበታል።

ነዋሪዎችና ሕጋቸው

በአንድ ግቢ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛና የጫት መኪና ረዳት ጎን ለጎን ያድራሉ። የሚያገናኛቸው አንድ ቆጣሪ ነው። የቆጣሪው ሒሳብ በሚከፈልበት ዕለት የተመዘገበ ውይይት፦

«እትዬ፣ የዚህ ወር መብራት በዛብኝ።»

«ካውያ ትጠቀማለህ ልጄ።»

«ካውያ እኮ የለኝም።»

«ታዲያ ሸሚዝህ ለምን አይጨማደድም?»

መምህሩ ሥነ አመክንዮ የሚያስተምር ቢሆንም መልስ አላገኘም፤ ከፈለ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። የጓሮው ሕግ በቃል የሚተላለፍ ሲሆን አንቀጾቹ ሦስት ናቸው፦ የውጭ በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አይከፈትም፤ እንግዳ ውሃ አይቀዳም፤ በርጫ የተቀመጠ ሰው ገራባውን ራሱ ይጠርጋል። ሦስተኛው አንቀጽ ለባለቤቱ ወንድም አይሠራም።

ዋና ግኝት

በእያንዳንዱ ሰርቪስ ፊት ለፊት ፌሮው ወደ ሰማይ የቆመ መሠረት አለ፤ ዋናው ቤት እሱ ነው። ባለቤቱ ሰርቪሱን የሠራው ዋናውን እስኪጨርስ ሊጠለልበት ነበር። የሰርቪሱ ኪራይ ሲሚንቶ ገዛ፤ ከዓመታት በኋላ ዋናው ቤት አለቀ፤ ቀለም ተቀባ፤ በረንዳው ሴራሚክ ለበሰ። በማግስቱ አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ኪራይ አቀረበ። ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ተማከረና ሶፋውን ተሸክሞ ወደ ጓሮ ተመለሰ። ሶፋው በሩ አላስገባው ስላለ ለሁለት ተቆረጠ።

ስለዚህ ሰው ዋና ቤት የሚሠራው ሌላ ሰው እንዲኖርበት ነው፤ የራሱን ዕድሜ የሚጨርሰው «ለጊዜው» በሠራው ውስጥ ነው። ልጁ ያገባ እንደሆነም ዋናው ቤት ስለተያዘ፣ ከሰርቪሱ ኋላ ሌላ ሰርቪስ ይቆማል።

ምክረ ሐሳብ

ጉዳዩ ጥልቅ የመስክ ጥናት ይሻል። ተመራማሪው ቢያንስ አንድ ክረምት ሰርቪስ ተከራይቶ ይቀመጥ፤ በጥናቱ በጀት ውስጥ ለቆርቆሮ ማንጠባጠቢያ የሚሆን ባልዲ ይያዝለት፤ ሸሚዙንም ሳይተኩስ ይሂድ።